ሽማግሌ የማያቋርጠው ይርዳው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ይርዳው ሕልም አየ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልከራከርም። የት ተኝቶ እንዳየው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብናገር ሕልሙን ትታችሁ በሰውየው መሳቅ ትጀምራላችሁ፤ ይርዳው ደግሞ የሚሳቅበት ሰው አልነበረም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ይርዳው አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን "ክብ ጠረጴዛ" የሚባል የፖለቲካ ውይይት ሲመራ የኖረ ሰው ነው። እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ "ኖር!" ይላል፤ እንግዳው "በእግዜር" ብሎ ወንበሩን እስኪይዝ ድረስ አይቀመጥም። በር ላይ ከታላቁ ቀድሞ አያውቅም። የወጣቱን ንግግር "ሰዓት ገደበን" ብሎ በትሕትና ያሳጥራል፤ ሽማግሌ ግን አያቋርጥም። ይህ ሕጉ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ ዲፕሎማት ስለ ድንበር ተጠይቀው ስለ ኩላሊታቸው ሃያ ደቂቃ ሲያወሩ፣ ይርዳው ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳምጧቸዋል።

ታዲያ አሁን እሱን የሚያይ የለም። አገሩ ሁሉ የሚያየው ኪሩቤልን ነው። ኪሩቤል ማለት ይርዳው ራሱ ማይክ አያያዝ ያስተማረው ልጅ ነው። "ግጥሚያ" በሚለው ፕሮግራሙ ሁለት ተንታኞች ፊት ለፊት ያስቀምጥና ያናክሳል፤ ሲደክማቸው እሱ ይገባበታል። ባለፈው ወር አንዱን ምሁር "አንተ የተማርክ ድንጋይ!" ብሎት፣ በሳምንቱ ጎረምሳው ሁሉ አባባሉን ቲሸርት ላይ አሳትሞ ለብሶት ነበር። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ፎቶው ሦስት ፎቅ ያህላል፤ አፉን ከፍቶ፣ ጣቱን ቀስሮ።

"እኔን የሚያሳዝነኝ የሥነ ምግባሩ መውደቅ ነው" ይላል ይርዳው ለጠየቀው ሁሉ። ውሸቱን ነው። የሚያሳዝነው ፎቶው ነው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያለ በዚያ አደባባይ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ሚስቱ ስንዱ እሑድ እሑድ ጎረቤት ሰብስባ "ግጥሚያ"ን ስታይ፣ እሱ ራሴን አመመኝ ብሎ መኝታ ቤት ይገባና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ሲስቁ ይሰማል። አንዳንዴ እሱም ሊስቅ ይቃጣውና አፉን በትራስ ያፍናል። በ"ክብ ጠረጴዛ" ሰዓት ደግሞ ስንዱ ልብስ ታጥባለች።

ሐሙስ ዕለት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ማስተዋል ቢሮዋ አስጠራችው። ልጅ እግር ናት፤ ሰው አታስቀይምም።

"ጋሽ ይርዳው፣ እኔ እኮ እርስዎን እያየሁ ነው ያደግኩት" አለችው።

"እግዜር ያክብርሽ።"

"አሁን ግን እኔም አላይዎትም። ቅዳሜ አንድ ሰው ይዝለፉልን። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ስድብ። እሷ ከሌለች ግን የቅዳሜው የመጨረሻው ፕሮግራምዎ ነው።"

"የቅዳሜ እንግዳዬ ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? መምህር ወልደሰንበት ናቸው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምረው ያስተማሩኝ፣ ሰው ያደረጉኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው!"

"እንዲያውም ይሻላል" አለች ማስተዋል።

ይርዳው "ሞቼ ነው ቆሜ!" ብሎ ወጣ። መምህሩን የጋበዘውም ሆን ብሎ ነው፤ እሳቸው ፊት ተቀምጦ ክፉ ቃል ሊወጣው እንደማይችል ራሱን ያውቃል። ፕሮግራሙ መሞቱ ካልቀረ በክብር ይሙት ብሎ ቆረጠ። ቆረጠ እንጂ አልተኛም። የሐሙስንም የዓርብንም ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ነጋለት። ኪሩቤል ቅዳሜ ማታ "የጋሼ ዕቃ ተነሣ" ብሎ ሲስቅ እየታየው፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሲገላበጥ አደረ።

እንግዲህ ሕልሙ።

ይርዳው የጣቢያው በር ላይ ቆሟል። በሩ ላይ ሰልፍ አለ፤ የተሰለፉት ግን ጥበቃዎቹ ናቸው፤ የሚፈትሿቸው ባለጉዳዮቹ። አንዲት ጎመን በዘንቢል የያዘች ሴትዮ የጥበቃ ኃላፊውን ኪስ እየበረበረች "ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዲት ኪስ ብቻ ቀረችኝ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "ኧረ ምን ገዶኝ፣ ደግመሽ ፈትሺኝ" ይላል። ሴትዮዋ ይርዳውንም ዳበሰችውና ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ነገር ሳብ አድርጋ አወጣች። ስድብ ነበረች። ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ የተጣጠፈች፣ ላብ የነካት።

"የርስዎ ናት?"

"አይቻትም አላውቅ" አለ ይርዳው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ለራስዎ መገልገያ ከሆነች ይያዟት። ብቻ ውስጥ እንዳያወጧት" አለችና አጣጥፋ መልሳ ከተተችለት።

ከበሩ እስከ ስቱዲዮው በታክሲ ነው የሚኬደው። ርቀቱ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ግን በሕልም አይጠየቅም። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ "ካልተቸገራችሁ ስቱዲዮ! ባይመቻችሁም ቅር አይለንም፣ ስቱዲዮ!" ይላል። ተሳፋሪው በሩን ከቦ "እርስዎ ይግቡ"፣ "ኧረ አይገባም፣ እርስዎ እያሉ"፣ "በሞቴ"፣ "እኔ ልሙትልዎ" ይባባላል። የሚገባ ጠፋ። በመጨረሻ ሾፌሩ ወርዶ ሁሉንም አገላብጦ ስሞ ተሰናበተና ባዶውን ሄደ። ትራፊክ ፖሊሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቀይ መብራት የጣሰውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ "መብራቱን ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር" እያለ።

የይርዳው ልብ በደስታ ዘለለ። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀው ዓለም ይኸው መጣለት። "ዘመኔ ደረሰ! አሁን ነው የኔ ፎቶ የሚሰቀለው" አለ ለራሱ። ቀና ሲል እውነትም ፎቶ ተሰቅሏል። ስድስት ፎቅ ያህላል። የሰው ማጅራት ነው። ባለቤቱ መሬት እስኪነካ ስላጎነበሰ ከማጅራቱ በቀር የሚታይ ነገር የለውም።

"ይኼ ማነው?" አለ አጠገቡ የቆመውን ሰው።

"ኪሩቤልን አታውቀውም? የአገሩ አንደኛ ጨዋ!" አለ ሰውየው በአዘኔታ። "ይቅርታ፣ ታመህ ነበር?"

ይርዳው ፎቶውን ደግሞ ቀና ብሎ አየ። በስድብ ዓለም እሱ በለጠኝ፤ እሺ፣ እዚያ ዓለሙ ጠማማ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በጨዋም ዓለም ይበልጠኛል? ታዲያ እኔ በየትኛው ልብለጥ? ይህን ሲያስብ እጁ ሳያውቀው የውስጥ ኪሱን ነካ።

ወዲያው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ዋና አዘጋጁ ሙክት በግ ነው፤ ማዳመጫውን ቀንዱ ላይ ሰክቷል። ይርዳውን ሲያይ "ጋሼ፣ አርፍደዋል፤ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ" አለው። ሕዝቡ መብራት ሥር ተቀምጦ ስለ ሽንኩርትና ስለ ውኃ ሲናገር፣ ተንታኞቹ ሁሉ ታች አግዳሚ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይዘው ማስታወሻ ይጽፋሉ። ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ሰበር ዜና፣ ሁለት ተንታኞች በአንድ ነጥብ ተስማሙ፣ የተጎዳ ሰው የለም።

ተራው የክርክሩ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ጅብና አህያ ቀረቡ።

"እመት አህዪት ይቅደሙ" አለ ጅብ።

"ኧረ አያ ጅቦ፣ እርስዎ ተቀምጠው!"

"ርዕሱ የሥጋ ጉዳይ ስለሆነ የባለ ሥጋዋ ሐሳብ ይቀድማል ብዬ ነው።"

አህያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የተከበሩ አያ ጅቦ ባለፈው ሳምንት እናቴን በተመለከተ የወሰዱትን አቋም ባልጋራውም፣ የወሰዱበትን ጨዋነት ግን ሳላደንቅ አላልፍም።"

"አመሰግናለሁ" አለ ጅብ፤ እንባው በአፍንጫው ወረደ። "እናትዎም እስከ መጨረሻው ድረስ ጨዋ ነበሩ።"

አዳራሹ አለቀሰ። ኪሩቤል ከጠረጴዛው ሥር በእንብርክኩ ወጥቶ ለአህያዋ ትራስ፣ ለጅቡ መሐረብ አቀበለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ አንዲት ሴት በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሰሰችለት። ሴትዮዋ ስንዱ ነበረች። ጎረቤቶቿም ፎጣ ይዘው ተሰልፈዋል።

"ስንዱ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ፕሮግራሜን እያየሁ ነዋ!"

"እኔም እኮ እንዲህ ነኝ! አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነበርኩ፤ አንድ ቀን አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ስንዱ ውኃውን ማፍሰሷን ሳታቆም "የሱ ከልቡ ነው" አለች።

ይህቺ ቃል ከስድብ ሁሉ ባሰችበት። ወዲያው በሩ ተከፈተና መምህር ወልደሰንበት ገቡ። የተቀመጡበት ወንበር በራሱ እግር እየተራመደ ነው ያመጣቸው። መምህሩ ከማን አጠገብ ይቀመጡ ይሆን? ይርዳው እንዲህ ያለውን ፈተና አይሳሳትም፤ "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። ኪሩቤልም ብድግ አለ። ይርዳው ወንበር ላይ ወጣና "ኖር!" አለ። ኪሩቤል ግን ተንበረከከ። ይርዳው ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ ኪሩቤል ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ይርዳው በመብራቱ ብረት ላይ ተንጠላጥሎ ከጣሪያው ሥር "ኖር!" ሲል፣ ኪሩቤል ምንጣፉን ገልጦ፣ ሲሚንቶውን እንደ ሊጥ ፈልፍሎ ገባና ከመሬት በታች "ኖር" የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ተሰማ።

"ዝቅ ያለው አሸንፏል" አለ ሙክቱ።

መምህሩ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። "እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ ነበር ለካ! የማን ተማሪ ነህ አንተ? ያስተማረህ ይባረክ።"

"እኔ ነኝ! መምህር፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት! እኔን ደግሞ እርስዎ!" አለ ይርዳው ከጣሪያው።

መምህሩ ቀና አላሉም። ምርቃቱን ጀምረዋል። "እደግ" አሉ፤ ሕዝቡ "አሜን" አለ። "ክፉ አይይህ" አሉ፤ "አሜን"። "ዘርህ ይባረክ፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ውኃ ስትረግጥ ውኃው ይፍራህ።" አሜን፣ አሜን። ስንዱም አሜን ትላለች። ጅቡም አሜን ይላል። ምርቃቱ አያልቅም። ይርዳው ተራዬ ይደርሳል ብሎ ጠበቀ፤ ሽማግሌ አይቋረጥማ! እጁ ዛለ። የመብራቱ ብረት ይፋጃል። መምህሩ የኪሩቤልን ጫማ መርቀው የጫማውን ክር ሲጀምሩ፣ የይርዳው እጅ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ገባ። ስድቧን አወጣ፤ ዘረጋጋት። የገዛ እጅ ጽሑፉ ነበረች። ባለው ድምፅ አነበባት፦

"ይበቃሃል! ዝም በል! አንተ የጃጀህ ሽማግሌ፣ አፍህን አይደክምህም?"

በገዛ ጩኸቱ ነቃ።

እንግዲህ ቃሌን ልጠብቅ። ይርዳው የተኛው አልጋው ላይ አልነበረም። የ"ክብ ጠረጴዛ" ስቱዲዮ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ መነጽሩን እንዳደረገ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ "መምህር፣ የዱሮ ሰው እንዴት ይሟገት ነበር?" ብሎ አንድ ጥያቄ ጠይቋል። መምህሩ መለሱ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ መለሱ። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው፣ ሕጉ አታቋርጥ ብሎት፣ ምን ያድርግ? ራሱ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል ካሜራማኑ እንደ ወትሮው እየነቀነቀ የሚያዳምጥ መስሎት ቅርብ አድርጎ አነሳው።

አሁን ቀዩ መብራት በርቷል። ከፊት ለፊቱ መምህር ወልደሰንበት አንድ ጣታቸውን እንዳነሱ፣ አፋቸው በግማሽ እንደተከፈተ ቀርተዋል።

መምህሩ ጣታቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። "እየጨረስኩ ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉ። "ይኼን ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ ሳታቋርጠኝ ስላዳመጥከኝ ላመሰግንህ ነበር።"

ሙዚቃው ገባ፤ መብራቱ ጠፋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ማስተዋል ግን ቅቤውን ይዛ በሩጫ መጣች። "ጋሽ ይርዳው! ጋሽ ይርዳው፣ ስልኩ አልቻለም! ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው! እኔ አንዲት ስድብ አልኩ እንጂ... ሽማግሌን አንተ ብሎ! ማን አስቦት? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የእሑዱ ሰዓት የርስዎ ነው!"

"የማን? የኪሩቤል ሰዓት?"

"የርስዎ!"

ይርዳው ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነው፤ ቁልፏ ግን ደጋግማ ታመልጣቸዋለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃው ነበር። ተኝቼ ነበር፣ በሕልሜ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እውነት ናት፤ ቀላልም ናት። ነገር ግን ተኝቶ እንደነበር ከተናገረ ስድቡም የሱ መሆኑ ይቀራል፤ አገሩ ያየው ደፋር ሳይሆን በሥራው ላይ ያንቀላፋ አሮጌ ጋዜጠኛ ይሆናል። ያም ሆኖ አፉን ከፈተ።

"መምህር፣ እኔ..."

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ያው የውስጥ ኪሱ ውስጥ። የኪሩቤል መልእክት ነው። "ጋሼ፣ እኔ በሰው ቀንቼ አላውቅም። ዛሬ ቀናሁብህ" ይላል።

ይርዳው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ደስ አለው። ይህን ልሸፍንለት አልችልም፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አፉን ገጠመ።

መምህር ወልደሰንበት ከዘራቸውን ይዘው በሩ ድረስ ሄዱና ቆሙ። ይርዳው እንደ ልማዱ ከኋላቸው ደርሶ በሩን ከፈተ፤ እንዲያልፉም ጎንበስ አለ። መምህሩ አላለፉም። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እርስዎ ይቅደሙ" አሉት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ስንዱ ናት። ከጀርባዋ የጎረቤት ሁሉ ሳቅ ይሰማል። "ይርዳው! አየሁህ እኮ! ሁላችንም እያየንህ ነው፣ ደግመው እያሳዩህ ነው! የት ነህ?"

"መጣሁ" አለ ይርዳው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቀድሞ ወጣ።